በወረቀት የተሠራችው ቢቸና

ቢቸናን ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ቁልቁል ያየኋት በዘጠኝ ዓመቴ፣ በትልቁ ቤታችን ወለል ላይ ተንበርክኬ ነው። ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ አገር ለአገር የሚያዞር ሆኖ ብዙ ከተሞችን በአውሮፕላን መስኮት አይቻለሁ፤ ገሚሶቹ ባሕር ዳር ተኝተው ያብረቀርቃሉ፣ ገሚሶቹ ጭጋግ ተከናንበው ያንቀላፋሉ። ከሁሉም ጋር በሰላም ተሰነባብቻለሁ። ዕድሜ ልኬን ግራ ስታጋባኝ የኖረችው ከሲሚንቶ ከረጢት ወረቀትና ከሳሙና ካርቶን የተሠራችው ያችኛዋ ብቻ ናት።

የሠራት ጋሼ ገብረ ኪዳን ነው። ከሐረር በኩል ተመድቦ የመጣ፣ ገና ጢሙ ያልጠና የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ በግቢያችን ጥግ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ያድራል፣ ከእኛ ጋር ይበላል። አባቴ ይግዛው ገበሬም ነገረ ፈጅም ነበር፤ ክረምት ያርሳል፣ በጋ የሰው ሙግት ይዞ ከችሎት ችሎት ይዞራል። እናቴ በዛብሽ መምህሩን እንደ ታናሽ ወንድሟ ስለምታየው ምግብ ባስተረፈ ቁጥር ትቆጣው ነበር። ይኸ ልጅ ወረቀት ሲቆራርጥ ውሎ ራሱ ወረቀት ሊያክል ነው እያለች ለጎረቤት ታማዋለች።

ዘመኑ 1960 ዓ.ም. ነው፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ። ጋሼ ገብረ ኪዳን ያሰበው ነገር ዛሬ እንኳ ሳስበው ያስደስተኛል። በዓመቱ መጨረሻ፣ በወላጆች ቀን፣ ተማሪው ሁሉ የገዛ ከተማውን እንደ አሞራ ከላይ ሆኖ እንዲያያት ቢቸና ከነቤተ ክርስቲያኗ፣ ከነገበያዋ፣ ከነዙሪያ ማሳዋ በወረቀት ትሠራለች። እኔ ቀኝ እጁ ነበርኩ። ከክፍል ጓደኞቼ ሁሉ እኔን የመረጠኝ በጉብዝናዬ መስሎኝ ስኮራ ኖሬ፣ ምክንያቱ የአንድ ግቢ ሰዎች መሆናችን እንደነበር የተረዳሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

ወረቀት ከመታጠፉ በፊት ይታሰባል፣ ይል ነበር ጋሼ። መጀመሪያ ቋጠሮ ቋጠሮ ባለው ገመድ ቦታውን እንለካለን፤ ቤት ሲመለስ የገመዱን አንድ ቋጠሮ ወደ አንድ ጥፍር ወርድ ያወርደዋል። ከዚያ በአሮጌ የፈተና ወረቀት የሙከራ ቤት ይሠራል፤ ሙከራው ከቆመ በኋላ ነው የከረጢቱ ወረቀት የሚቆረጠው። የእኛ አገር ክብ ቤት ግድግዳው ቀላል ነው፣ እንደ መቀነት ተጠቅልሎ ይያያዛል። ጥበቡ ጣራው ላይ ነው። ክብ ወረቀት ይቆረጥና ከዳቦ እንደሚቆረስ አንድ ቁራሽ ይነሣለታል፤ ሁለቱ ከንፈሮች ሲገናኙ ጠፍጣፋው ወረቀት ብድግ ብሎ ጣራ ይሆናል። ቁራሹ በሰፋ ቁጥር ጣራው ይሾላል። ወረቀቱ የሚታጠፍበት መስመር አስቀድሞ በቢላ ጀርባ ይጫራል፣ አለዚያ ይሰነጠቃል። ከየግድግዳው ግርጌ ትንንሽ ትርፍ ቁራጮች ይተዋሉ፤ ጋሼ «ምላስ» ይላቸዋል። ምላሱ ቤቶቹ በሚቆሙበት የወረቀት ወለል ላይ በተበሳው ቀዳዳ ገብቶ ከሥር ሲታጠፍ ቤቱ ያለ ሙጫ ይቆማል። እያንዳንዱ ምላስና ቀዳዳ ደግሞ ፊደል ተጽፎበታል። ሀ ሀን ያገባል፣ ለ ለን ያገባል፤ ሀ ለን ካገባ ግን መንደሩ ይበላሻል። እኔ አጋቢ ነበርኩ።

አስቸጋሪዋ ቤተ ክርስቲያኗ ነበረች። ጣራዋ ሰፊ ስለሆነ በራሱ ክብደት መካከሉ ይሰረጉድ ነበር። ጋሼ ደጋግሞ አፈረሳት፤ በመጨረሻ ከካርቶን እንደ ጥላ አጥንት ያለ ዐፅም አበጅቶ ከውስጥ ደገፋት። አይጥም ተፈታተነችን። የዱቄት ሙጫው ጣፍጧት የአንድ ደብተራ ቤት ከነአጥሩ በላችባቸው፤ ከዚያ በኋላ ሙጫው ሬት እየተቀላቀለበት ይቦካ ጀመር፣ እኔም ጣቴን በላስኩ ቁጥር ፊቴ ሲኮማተር እናቴ ትስቃለች።

ወረቀቱ የሚመጣው ከሞጣ ነው። ሳሊህ የሚባል የሞጣ ነጋዴ በጭነት መኪናው ጨውና ሳሙና ይዞ ሲመጣ ባዶ ከረጢቶች አራግፎ ያመጣልናል። ሰው በሲሚንቶው ቤት ይሠራል፣ እናንተ በከረጢቱ ትሠራላችሁ፣ እያለ ይቀልድብን ነበር። ከተማዋ አድጋ አድጋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢተኛባት የምትበቃ ስትሆን ግን መቀለዱን ተወ። ቆቡን አውልቆ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዙሪያዋን ከዞረ በኋላ መምህሩን ወደ ጎን ስቦ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ነገረው። ጋሼ ሳቀ። ሳሊህ አልሳቀም።

እኔ ይህን ሁሉ አድናቆት ነው ብዬ ወስጄው ነበር። ገመዳችንን ይዘን በማሳው ዳር ስናልፍ የሚያርሰው ማረሱን ያቆማል፤ ኩበት የምትለቅመዋ ቀና ብላ ልጇን ወደ ራሷ ትጠራለች። ሰላምታችንን የሚመልስ ጠፋ። እንዲህ ያለ ጸጥታ የማውቀው ታቦት ሲያልፍ ስለነበር አንገቴን አቅንቼ፣ ገመዴን ወጥሬ እሄዳለሁ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ምን እንደምናደርግ ጠየቁን። ጋሼ በትሕትና ጎንበስ ብሎ ለልጆች መማሪያ መሆኑን ነገራቸው።

«ልጅ መሬትን ይማራል እንዴ፣ ልጄ?» አሉት። «መሬት ነው ልጅን የሚያስተምረው።»

ጋሼ አባባሉን ስለወደደው ማታ ለአባቴ ደገመለት። አባቴ ግን አልወደደውም።

በዚያ ዓመት አዲስ የእርሻ ግብር አዋጅ ወጥቶ እንደነበረ፣ የጎጃም ገበሬም መሬቴ ከተለካ ርስቴ ከእጄ ወጣ ብሎ እንደ ተነሣ፣ ቢቸናና ሞጣም የዚያ ቁጣ ምድጃ እንደነበሩ ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ገጹን ገልጬ ብዙ ጊዜ ሳላነብ ቆየሁ። ገመዳችን ትዝ አለኝ፤ የገመዱም ጫፍ በእጄ።

ያኔ ግን የማውቀው አባቴ መቆጣቱን ብቻ ነው። ምሳ ላይ ገመዱን እንዲያስቀምጥ መምህሩን ደጋግሞ ለመነው። ጋሼ የቀረው የምሥራቁ ማሳ ብቻ መሆኑን፣ እሱ ከተተወ ከተማዋ አንድ ክንፍ እንደሚጎድላት አስረዳው።

«ስማኝ ገብረ ኪዳን» አለ አባቴ፣ ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሶ። «አንተ የምታየው ወረቀቱን ነው። እነሱ የሚያዩት ገመዱን ነው።»

አባቴ ቀንቷል ብዬ ደመደምኩ። ከእሱ ጋር ወደ ማሳ መውረድ ትቼ ቀኑን ሙሉ ከመምህሩ ጋር መዋሌ ከፍቶታል፤ እንዲያውም አዘንኩለት። አጎንብሼ እጁን ሳምኩት፤ ምን እንደ ነካኝ ስላልገባው ግራ ተጋብቶ ሳመኝ።

እንግዶቹ የመጡት አንድ ጧት፣ ጋሼ የቤተ ክርስቲያኗን ጉልላት በመለጠፍ ላይ እያለ ነው። ብዙ ነበሩ፤ ሁሉም ጠመንጃ ይዘዋል፣ ዝናር ታጥቀዋል። እኛ አገር ለሠርግም ለክርስትናም ጠመንጃ ይያዝ ስለነበር ዝግጅቱ ሳይደርስ የመጡ የወላጆች ቀን እንግዶች ናቸው ብዬ ደስ አለኝ፤ ጉልላቱ አለመድረቁ ብቻ አሳፈረኝ። መሪያቸው አያ ጓዴ ይባላል፤ ከከተማው ወዲያ ማዶ የሚኖር፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። አባቴ ኖር ብሎ አስገባቸው። እናቴ ጠላ ቀዳች፤ ማሰሮው ከዋንጫው ጋር ሲጋጭ ይሰማኛል። ጋሼ ገብረ ኪዳን ሙጫ የነካ ጣቱን አየር ላይ ይዞ ቀረ። ሰው ፊት መቅረብ የሚያሳፍረው መሆኑን እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለ አያ ጓዴ።

«ቢቸና ናት፣ ጌታዬ» አለ መምህሩ።

አያ ጓዴ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ቁጢጥ አለ። ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ፊቱን ወደኔ መልሶ የእሱ ቤት የት እንዳለ ጠየቀኝ። አሳየሁት። የበሬዎቹን በረትም አሳየሁት፤ በረቱን ብቻዬን የሠራሁት እኔ መሆኔንም ጨመርኩ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ መጡ። ሁሉም የሚፈልገው የራሱን ነበር፤ ሲያገኘውም ሁሉም ዝም ይላል። እንዲህ ያለ ተመልካች ደግሜ አላየሁም።

ጸጥታውን ያፈረሰው ባዘዘው የሚባል ቀይ ረጅም ሰው ነው። ጋሼ የማሳውን ድንበር በቀይ ክር ለይቶ ነበር፤ ባዘዘው በጠመንጃው አፈሙዝ ክሩን እየነካ ድንበሩ ከወይራዋ ወዲያ መሆኑን፣ ይኸ ክር ሙሉ እርሻ ወደ አማቹ እንዳሻገረ ተናገረ። አማቹም እዚያው ቆሞ ነበርና ክሩማ እውነት ተናገረ አለ። ወይራዋን የተከለው የማን አባት እንደሆነ ተነሣ። ከኋላ የቆሙት በሁለት ወገን ተከፈሉ።

አባቴ ይህን ጊዜ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ። ነገር ካለ በወግ ይሁን፣ በቤቴ እንደ ገበያ አትንጫጩ አለ። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፤ ባዘዘውን በቀኝ፣ አማቹን በግራ አቆማቸው፤ ይሟገቱ ጀመር። ባዘዘው ጋቢውን አጣፍቶ፣ በተረትና በምሳሌ አስጊጦ ሲናገር ጓደኞቹ ጠመንጃቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ያዳምጡ ገቡ። አማቹ ሲመልስ ደግሞ ተሳቀ። የባዘዘው ወይራ በየዓመቱ አንድ ክንድ ትሄዳለች፣ እሷስ ለምን ግብር አትከፍልም አለ። አያ ጓዴ እንኳ ከንፈሩን ነክሶ ፊቱን አዞረ። ጠላው ተደገመ፣ ተሠለሰ። ጋሼ ብቻ አልሳቀም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሙግቱን እኔ የምርቃቱ ጨዋታ አድርጌ ስለወሰድኩት አለመሳቁ አስቀየመኝ። ዛሬ አባቴ ምን ሲያደርግ እንደነበር አውቃለሁ። አፉ ላይ ነገር የያዘ ጎጃሜ ነገሩን ተናግሮ ሳይጨርስ እጁን አያነሣም፤ አባቴ ያን ጧት ለመምህሩ ጊዜ እየለመነለት ነበር።

በመጨረሻ አያ ጓዴ ብድግ አለ።

«ክሩ ማንንም አይዳኝም» አለ። «ሁላችሁም ቤታችሁን አንሡ።»

እኔ ነኝ የረዳኋቸው። ምላሱን ከሥር አቃንቼ ቤቱን ሳነሣው ሳይቀደድ ይወጣ ነበር፤ ለየባለቤቱ በሁለት እጄ አቀበልኩ፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። በጋቢያቸው እጥፋት ውስጥ አስገቡት። በመልካችን የተሠራ ስጦታ ተሰጠን ብለው ደስ ያላቸው መስሎኝ ለአያ ጓዴ በረቱን ሳልረሳ ሰጠሁት። ከዚያ አባቴ ማሳዎቹ የተነደፉበትን ትልቁን የወረቀት ወለል፣ ቤተ ክርስቲያኗን ከላዩ አውርዶ፣ ጠቅልሎ አስረከበው። በቤታችን ወለል ላይ የቀረችው ቤተ ክርስቲያኗ ብቻ ነበረች። የሁሉም ስለሆነች የማንም አልሆነችም፤ ላንሣት ብሎ የደፈረም አልነበረም።

አያ ጓዴ ጥቅሉን ብብቱ ሥር አድርጎ መምህሩን ተመለከተው።

«ወረቀቱስ እሺ ነው፣ አያ ይግዛው» አለ። «ጭንቅላቱስ?»

የመምህሬን ጭንቅላት ማመስገኑ ነው ብዬ ልቤ ሞላ። እናቴ ግን ትከሻዬን ይዛ ከጓሮ ውኃ እንዳመጣ አዘዘችኝ፤ ውኃ እንደነበረ ብነግራትም ገፋ አድርጋ አስወጣችኝ። ከደጅ ሆኜ የሰማሁት የአባቴን ድምፅ ብቻ ነው። «እኔ አለሁ» አለ። ሌላ አልሰማሁም። ስመለስ ሰዎቹ ተነሥተዋል፤ አባቴ ጋቢውን ለብሶ፣ በትሩን ይዞ ከመካከላቸው ቆሟል። እንግዳ መሸኘት ወጉ ነው። እናቴ ደጃፉን ይዛ ቆማለች። አባቴ እጁን ራሴ ላይ አሳርፎ ሸኝቼ መጣሁ አለኝና ወጣ። ሰዎቹ የየቤታቸውን ጣራ በጋቢያቸው ደብቀው ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ ቢቸና ተነቅላ በእግሯ የምትሄድ መሰለኝ።

ወደ ውስጥ ስገባ ጋሼ ገብረ ኪዳን ባዶው ወለል ላይ ቁጭ ብሏል።

«ወደዱት አይደል?» አልኩት።

«ወደዱት፣ አምሳል» አለኝ። ከዚያ ፊቱን ቤተ ክርስቲያኗ ላይ አጎንብሶ አለቀሰ። ደስታ እንደሚያስለቅስ ከዚያን ቀን ጀምሬ አምን ነበር።

የሳሊህ መኪና በነጋታው ወደ ሞጣ ሲመለስ ጋሼ አብሮት ተሳፈረ። ወረቀት ሊያመጣ ነው ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ በመጣች ቁጥር እየሮጥኩ ሳሊህን መምህሬ የታለ እለዋለሁ፤ እሱም ዓይኔን ሳያይ ወረቀት ጠፍቷል፣ ገና ነው ይለኛል። ከጨው ጆንያው መካከል አንድ ከረሜላ ፈልጎ ይሰጠኛል። አንድ ነጋዴ በሞጣ ሁሉ ወረቀት ማጣቱ እየከነከነኝ ከረሜላውን እበላለሁ።

አባቴም አልተመለሰም። እናቴን ስጠይቃት እንግዶቹ ሩቅ ናቸው ትላለች። ዝናቡ ሳይጀምር በሰማይ አውሮፕላን ሲያልፍ እኛ ልጆቹ እያጨበጨብን ተከተልነው፤ ትልልቆቹ ከዛፍ ሥር ገቡ። እናቴ ያን ቀን አልበላችም። አባቴ የመጣው መስቀል አልፎ፣ ጢሙ አድጎ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ ነው። ሸኝቼ መጣሁ አለ።

አድጌ ታሪኩን ሳነብ ሁሉንም የፈታሁት መሰለኝ። አባቴ በዚያ ጧት ከአማፅያኑ ጋር ሸፍቷል። መምህሩ በፍርሃት ጥሎን ጠፍቷል። በዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት የሽፍታ ልጅ ነኝ እያልኩ ስደነፋ የማያውቁኝ ልጃገረዶች ያከብሩኝ ነበር። አባቴን ስለ በረሃው ብዙ ጊዜ ጠየቅሁት፤ ይስቅና ስለ በሬዎቹ ያወራኛል። በእርጅና፣ በአልጋው ላይ፣ ልጅ የልጅ ልጅ ከቦት ሞተ። መምህሩን በልቤ አልፈልገውም ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ደብዳቤ ያልጻፈ ሰው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥራ ድሬዳዋ ሄድኩ። አገሬ የምትባል ባልደረባዬ ከእናትና ከአባቷ ቤት ምሳ ጋበዘችኝ። አባቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጠጉራቸው ነጭ፣ እጃቸው ቀጭን። እኔ በወሬ አላርፍምና ስለ ጉዞዎቼ እያወራሁ ሳስቃቸው ቆየሁ፤ ከወዴት እንደሆንኩ የጠየቁኝ ምሳው ሊያልቅ ሲል ነው። ከቢቸና ነኝ አልኳቸው። ከቢቸና የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ የይግዛው ልጅ፣ አምሳለች፣ አልኩ። ሹካቸውን አስቀመጡ። ያ ፊት፣ ያ ከስልሳ ዓመት ዕድሜ በታች ሊሆን የማይችለው ፊት፣ ድንገት ጢሙ ያልጠና ሆነብኝ።

«አምሳል» አሉኝ። ከዚያ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «አባትሽ ተመለሱ?»

ምን እንደሚሉ አልገባኝም። በዘጠኝ ዓመቴ እንደነበርኩት ሆንኩ።

«ከየት?» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ነገሩኝ። አያ ጓዴ የፈለገው ልኬቱ የተቀመጠበትን ጭንቅላት ነበር። አባቴ ዋስ ሆነለት፤ ይህ ልጅ የለካውን ለማንም አይሰጥም፣ ከሰጠ እኔ በእጃችሁ ነኝ ብሎ ሰውነቱን አስያዘና አብሮ ሄደ። እንግዳ እየሸኘ አልነበረም፣ እየሸፈተም አልነበረም። ጋሼ ገብረ ኪዳን በየመንገዱ አንድ ቃል ቢያመልጠው ከከተማው ማዶ አንድ ሰው እንደሚሞት እያወቀ ነው ሞጣ የገባው። ብዙም ሳይቆይ በአንድ የመንግሥት ቢሮ ጠርተው ቢቸናን ለክተሃል አሉት፤ ንድፉን ድገምልን አሉት። አላስታውስም አለ። አስረው ጠየቁት፣ አላስታውስም አለ። በመጨረሻ የገዛ ሥራውን የማያስታውስ ደነዝ ተብሎ ወደ ምሥራቅ ተዛወረ።

«መጻፍ ነበረብኝ» አሉ። «መጀመሪያ ደብዳቤው ይገድላቸዋል ብዬ ፈራሁ። በኋላ ደግሞ መልሱን ፈራሁ፤ ካልጠየቅሁ በልቤ ቢያንስ በግማሽ በሕይወት አሉ።»

በአባቴ የኮራሁበትን ሁሉ በአፌ ይዤ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ይህ ሰው እስካሁን መልስ እየጠበቀ መሆኑ ታወሰኝ።

«ተመልሷል» አልኩ። «ተመልሷል፣ ጋሼ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ማድ ቤቱ መልሰው «ወለተ ሐና!» ብለው ተጣሩ። ባለቤታቸው እጃቸው እንደ ረጠበ በር ላይ ብቅ አሉ፤ ጎጃምን በእግራቸው ረግጠው የማያውቁ ሴት ናቸው።

«አቶ ይግዛው ተመልሰዋል» አሏቸው።

ሴትዮዋ ማን ይግዛው ብለው አልጠየቁም። እርጥብ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደኔ ዞሩ፤ ልክ ዛሬ ጧት የሆነ ነገር እንደሆነ፣ ልክ ከደጅ ሰው የቆመ ይመስል፣ «መቼ ገቡ?» አሉኝ።

የአባቴን ሞት ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

«በደህና ገብቷል፣ እማማ» አልኳቸው። «በደህና ነው የገባው።»